የዛዛ መታጠፊያ

የግራው የኋላ ጎማ የመንገዱን ጠርዝ ሲነካ ላማራ በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው ያወቀችው። ጠጠሩ እየተንሿሿ ወደ ገደሉ ሲወርድ ይሰማል፤ ታች ሲያርፍ ግን አይሰማም። መሪውን ወደ ተራራው ቆረጠች፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጠቻት፣ አሮጌዋ ኒቫ መኪና አጉረምርማ እሺ አለች። «ገደሉን አትዪው፤ ካላየሽው አያይሽም» ይላት ነበር አባቷ መንዳት ሲያስተምራት። እሱ ዕድሜ ልኩን በአባኖ መንገድ ጭነት መኪና ሲነዳ ገደሉ አላየውም። ወንድሟን ዛዛን ግን አየው።

ጥቅምት ሊያልቅ ነው። በዚህ ሰሞን የተራራማው የቱሼቲ አገር ሰው በጉንም ልጁንም ይዞ ቆላ ወርዷል፤ አልቫኒ ገብቶ ወይኑን ጠምቆ፣ ምድጃውን አቀጣጥሎ ተቀምጧል። ላይ የቀረ ቢኖር ወይ ድንበር ጠባቂ ነው፣ ወይ እብድ ነው፣ ወይ ደግሞ የላማራ አባት አብራም ነው። በረዶው አንዴ ከጣለ መንገዱ እስከ ግንቦት ይዘጋል፤ እስከዚያ ድረስ ለታመመ ሐኪም የለም፣ ለሞተ ቀባሪ የለም። ላማራ በሽማግሌው ላይ ስንት ሰው ላከችበት! ሁሉንም አይብ አሸክሞ መለሳቸው። ዛሬ ራሷ ተነሳች፤ ሁለቱን ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ፖላንድ ለሥራ ለሄደው ባሏ ትንፍሽ ሳትል። ቢሰማ ጉድ ይፈላ ነበር። በዚህ መንገድ ነድታ የወጣች ሴት በጣት የምትቆጠር ናት፤ ወንዶቹም ቢሆኑ በዚህ ሰሞን ውጡ ሲሏቸው ወገባቸውን ያማቸዋል።

አባኖን የሚያውቅ ሰው መንገዱን የሚቆጥረው በድንጋይ ነው። በየመታጠፊያው እዚያ ለወደቀ ሰው የቆመ ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ አንድ ጠርሙስ አረቄና አንዲት መለኪያ ይቀመጣሉ። የሚያልፍ ሁሉ ይወርዳል፣ ለሟቹ መሬት ላይ ጠብ ያደርጋል፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይቀምሳል፤ የሚነዳውም ቢሆን ከንፈሩን ያረጥባል። ሳይቆም የሚያልፍ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ አንጀት የለውም። ላማራ ከታች ጀምራ በየድንጋዩ እየቆመች፣ ከጎማዋ ሥር ታኮ እያደረገች፣ በመልክ እንኳ የማታውቃቸውን ሁሉ ነፍስ ይማር ስትል ነው የወጣችው። የዛዛ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ግን ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል፣ ማርሽ ሳትቀይር፣ እጇ መሪው ላይ ደርቆ አለፈችው። ከወረደች ተመልሳ እንደማትነሳ ታውቃለች። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ስመለስ» አለች ጮክ ብላ፣ ካለፈችው በኋላ።

ዛዛ የወደቀው አምና ይሄኔ ነው። አባቱን ሊያወርድ ቢወጣ፣ አባትየው «ሣሬን ልክተት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ና» ብሎ መለሰው። ዛዛም እሺ ብሎ ወረደ። በቀጠሮው ቀን ተመልሶ ሲወጣ፣ ከላይ ለሚወርድ ጭነት መኪና የተራራውን በኩል ለቀቀለት፤ አዲስ በረዶ ያለበሰው ጠርዝ ከሥሩ ከዳው። ለቀብሩ አብራምን ድንበር ጠባቂዎቹ በሄሊኮፕተር አወረዱት። የበረዶውን ወራት አልቫኒ አንድ ጥግ ይዞ፣ እንባም ቃልም ሳይወጣው ከረመ። በረዶው ሲቀልጥ በጎቹን ተከትሎ በሌላ አቀበት በእግሩ ወጣ። የመኪናውን መንገድ ዳግም አልረገጠውም።

ጫፉ ላይ፣ መንገዱ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ቱሼቲ በሚያዘቀዝቅበት ቦታ፣ ማሙካ ዶዘሩን አቁሞ ሲጋራውን ያጨሳል። መንገዱን ከበረዶና ከናዳ የሚጠርግ እሱ ነው። አጭሯን ላማራን ከመሪው ጀርባ ሲያያት አማተበ።

«አንቺ ነሽ እንዴ! እኔኮ መኪናዋ ብቻዋን የምትወጣ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ!»

«ማማተቡን ቀጥል፣ ይጠቅመኛል።»

«ሽማግሌውን ልታወርጂ? እሱ እኮ ችካል ነው።»

«ነቅዬ አወርደዋለሁ።»

ማሙካ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ሰማዩ ቀና ብሎ ሳቁን ዋጠው። «ስሚ እህቴ፣ ቀልዱን እንተወው። ያ ደመና ሆዱ ጠቁሯል። ሊመሽ ሲል ዶዘሬን ይዤ እወርዳለሁ፣ ከኔ በኋላ ጠራጊ የለም። እስከዚያ እዚህ ካልደረስሽ ከአባትሽ ጋር መክረምሽ ነው። ልጆችሽን በግንቦት ታዪያቸዋለሽ።»

መንደሩ ስትደርስ አንድ ጭስ ብቻ ይታያል። የመኪናው መንገድ የቅዱስ ጊዮርጊስን ኻቲ ታክኮ ያልፋል፤ ኻቲ ደግሞ ሴት የማትረግጠው ቅዱስ ግቢ ነው። ስለዚህ ላማራ ከታች ምንጩ አጠገብ አቆመች፤ የእጅ ፍሬኑ ከድሮም ስለማይይዝ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች፤ በሴቶቹ መንገድ ዞራ ወጣች። ከእናቷና ከአያቷ እግር የወረሰችው መንገድ ነው፣ ርዝመቱ ታስቧት አያውቅም። ዛሬ ግን ረዘመባት።

ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምድጃው ውስጥ እሳት አለ። ዱቄቱ፣ በበግ ቆዳ አቁማዳ የታሸገው አይብ፣ የደረቀው ሥጋ ተራ በተራ ተሰድሯል፤ እንጨቱ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ሽማግሌው ለመክረም ቆርጧል። ከመቃኑ ላይ ሦስት ገመዶች ታስረዋል፤ አንዱ ወደ እንጨቱ፣ አንዱ ወደ ምንጩ፣ አንዱ ሽቅብ ወደ ኻቲው። ለውሽንፍር ነው አለች በሆዷ፤ በረዶ ዓይን ሲጋርድ ሰው ቤቱን የሚያገኘው በገመድ ነው። ሦስተኛውን ይዛ ወጣች።

አባቷ ከነጮቹ የወሰን ድንጋዮች ወዲያ፣ የመሥዋዕት በግ ቀንድ ከተደረደረበት ካብ ሥር፣ ካባውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ነገሩ ወዲያው ገባት። የመኪናዋን ድምፅ ሰምቶ ነው እዚህ የገባው። በዚህ ዓለም ላይ ላማራ እጁን ይዛ ልትጎትተው የማትችልበት አንድ ቦታ ቢኖር ይሄ ነው፤ እሱን መርጦ ገባበት!

«አባዬ!»

«ማነው?»

«ማን ይሆናል? መልአኩ ገብርኤል ነኝ። ውጣ እንሂድ!»

«የኒቫዋ ፍሪሲዮን እያለቀ ነው» አለ አብራም፣ ፊቱን ወደ ምንጩ እንዳዞረ። «ሁለተኛ ላይ ትጮኻለች። እነዚያ ሰነፍ መካኒኮች አላዩልሽም?»

«ውጣ ነው የምልህ!»

«ግቢና አውጪኝ።»

ላማራ ደሟ ፈላ። «ደግሞ አታፍርም! በዚህ ዕድሜህ ቅዱሱ ጉያ ገብተህ ከልጅህ ጋር ድብብቆሽ? በግ እንኳ የሚገባበት ግቢ ነው፤ በግ ገብቶ እኔ ልጅህ ውጪ ቆሜ እጮሃለሁ!»

«በጉ ገብቶ መች ይወጣል» አለ ሽማግሌው።

ሳቋ መጣ፤ መምጣቱ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ሰው ሊያለቅስበት ሲል ያስቀዋል። የመጀመሪያዋ የበረዶ ብናኝ እጅጌዋ ላይ አርፋ ሳትሟሟ ቆየች። ላማራ ድምጿን አለሰለሰች። ስለ ደመናው፣ ስለ ማሙካ፣ ጎረቤት ቤት ስለቀሩት ልጆቿ ነገረችው።

«ታዲያ ሂጂያ፣ ማን ያዘሽ?»

«አንተን ትቼ?»

«ዱቄት አለኝ፣ አይብ አለኝ፣ እንጨት አለኝ።»

«ብትታመምስ?»

«እታመማለሁ።»

«ብትሞትስ?»

«ምነው፣ ከኔ በፊት ሰው ሞቶ አያውቅም?» አለና ድምፁ ወረደ። «ላማራ፣ አምና አንዱን ልጄን በል ሂድ፣ በል ና እያልኩ አመላለስኩት። ያንን መታጠፊያ በምን ዓይኔ ልለፈው? አንቺን ደግሞ ለዚያ ገደል አልገብርም። በጊዜ ሂጂልኝ።»

ላማራ ወደ ነጮቹ ድንጋዮች ተጠጋች። የጫማዋ ጫፍ አንዱን ነካው። አንድ እርምጃ ናት፤ በዚህ ባዶ መንደር ማን ያያታል? ግን እናቷ ሆዷ ገፍቶ ሳለች እንኳ ታች ለታች ዞራ እንጂ በዚህ በኩል አልፋ አታውቅም። ዛሬ እሷ ብትገባና መንገድ ላይ አባቷን አንድ ነገር ቢያገኘው፣ ከዚህ እርምጃ ነው የመጣብኝ እያለች ዕድሜ ልኳን ስትንገበገብ እንደምትኖር አወቀች። እግሯን ሰበሰበች። ጥላው ልትሄድ ዞረች፤ መሄድም አቃታት። መሐል ላይ ቆማ እንደ ልጅ መሬቱን በእግሯ ደበደበችው።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ላማራን ቁልፍ አስወረወራት። ቁልፉ ከነጮቹ ድንጋዮች በላይ አልፎ እየተቅጨለጨለ ግቢው መሐል አረፈ።

አብራም ቀና አለ። «ምንድነው እሱ?»

«የመኪናው ቁልፍ ነው።»

«አብደሻል!»

«ከማን ወርሼ!» አለችና መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «በል እንግዲህ፣ እኔ እዚያ አልገባም። ካላመጣህልኝ እኔም ከዚህ አልነቃነቅም። ልጆቼ እስከ ግንቦት እናት የላቸውም። አንተ ፍረድ።»

በረዶው ጠነከረ። ከዚያ ሽማግሌው እያቃሰተ ተንበረከከና እጁን መሬት ላይ ያንከራትት ጀመር። ቁልፉ ግን ያለው ከፊቱ ራቅ ብሎ፣ ገላጣው ላይ ነው፤ ቀይ ማንጠልጠያው በነጩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱ አጠገቡ ያለውን ሣር ይደባብሳል።

«እዚያ ምን ትፈልጋለህ? ፊት ለፊትህ እኮ ነው! አታሹፍብኝ!»

አብራም ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰ። ወደ እሷ አልነበረም፤ ከትከሻዋ አለፍ ብሎ ማንም የሌለበትን ቦታ ያያል። ላማራ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ አወዛወዘች። ዓይኑ አልተከተላትም። ሦስቱ ገመዶች ለውሽንፍር አልነበሩም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከሰኔ። መጀመሪያ ጭጋግ መስሎኝ ነበር።»

«የዓይን ሞራ እኮ ነው አባዬ! ታች በአንድ ቀን ይገፍፉልሃል!»

«አጣሁት? አውቃለሁ። ተገፎ ምን ላይበት ነው?»

የበረዶውን ወራት ሙሉ ብቻውን በጨለማ ሊከርም ነበር፤ እሷም ልጨቃጨቅ ብላ መጥታ ጥላው ልትሄድ ነበር። ግን ልቅሶ ጊዜ ይወስዳል፣ ጊዜ ደግሞ የለም። ቁልፉን በረዶው እያለበሰው ነው፤ ቀዩ ማንጠልጠያ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ላማራ ድንጋዮቹ ጥግ ድረስ ሄዳ ቆመች። በአባኖ ጠባብ መታጠፊያ መኪና ወደኋላ ሲመለስ፣ ወርዶ ቆሞ ለሹፌሩ የሚጣራ ሰው አለ። አብራም ያን ጥሪ ለስንቱ ተጣርቷል፤ እሷንም ያሳደጋት በዚያ ድምፅ ነው።

«ና» አለች። «ና… ና… ትንሽ ወደ ቀኝ ቁረጥ… መልስ… ና… በቃ! ከእግርህ ሥር ነው።»

አብራም አጎነበሰ፤ ጣቶቹ በረዶውን ቆፍረው ቁልፉን አወጡት። ይዞት ቆመ። ያን ያህል መጣራቷ ለከንቱ ሊሆን ይችል ነበር፤ ተመልሶ ካቡ ሥር ቢቀመጥ ማንም አያስነሳውም። ቁልፉን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«ነገረኛ» አለ። «እናትሽን ቁርጥ። ሂጂ፣ ምድጃውን አጥፊው።»

ገመዱን ተከትሎ ከነጮቹ ድንጋዮች ወጣና ቁልፉን ዘረጋላት፤ እሷ ካለችበት ጋት ያህል ወዲያ፣ ለአየሩ። ላማራ ቁልፉን ሳይሆን እጁን ያዘችው።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ማሙካ የዶዘሩን ሞተር አስነስቶ እየጠበቀ ነበር። «እኔ የሰደብኩሽን ብትሰሚ!» ብሎ ጮኸ። አብራምን ጋቢና ውስጥ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። «ከኋላዬ ተከተይኝ። ደግሞ እንዳትቆሚ፤ ነፋሱ የጠረግኩትን ከኋላዬ ይሞላዋል።»

ቁልቁለቱን ጀመሩ። ዶዘሩ ከፊት በረዶውን ወደ ገደሉ ይገፋል፣ ቀይ መብራቱ ይርገበገባል፣ ብርሃኑ ከሰማዩ እየሸሸ ነው። ላማራ በየድንጋዩ ሳትቆም አለፈች፤ አባቷ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ በሹክሹክታ ነፍስ ይማር ይላል። ወደ ዛዛ መታጠፊያ ተቃረቡ። አባቷ አያይም። ዝም ብላ ብታልፈው አያውቅም። በግንቦት፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ ዓይኑ ሲገፈፍ ይዛው ትመጣለች። ይህን እያሰበች እጇ እንደ ጠዋቱ መሪው ላይ ደረቀ።

«ቀንሺ» አለ አብራም። «ደረስን።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ይሄን መንገድ በዓይኔ ብቻ ነው እንዴ የነዳሁት?» መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ የፏፏቴው ድምፅ ገባ። «ከዚህ ውሃ ቀጥሎ ነው።»

«ጠዋት ሳልቆም አለፍኩት» አለች፤ አፏ ላይ መጣባት፣ እንባዋም አብሮ።

«እኔስ? ዓመቱን ሙሉ ስሸሸው አይደል የከረምኩት? አቁሚ ልጄ።»

ቆመች። የማሙካ መብራት መታጠፊያውን ዞሮ ጠፋ። ኒቫዋ አፍንጫዋን ቁልቁል ደፍታ፣ ፍሬኑን በረገጠው የላማራ ቀኝ እግር ብቻ ተይዛ ቀረች፤ በዚህ በረዶ ላይ ታኮ አይይዝም። አብራም በሩን ከፍቶ ወረደ። የፊት መብራቱ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ሽማግሌ ሆኖ ታያት፤ ድንጋዩ ከፊቱ፣ ከድንጋዩ ወዲያ አንድ ክንድ መሬት፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። መስኮቱን አወረደችና ተጣራች።

«ና… ና… ወደ ተራራው ቁረጥ፣ ቁረጥ! መልስ… ና… ቀስ… በቃ!»

እጁን ዘረጋ፣ አየሩን ነካ። አንድ እርምጃ ጨመረ። ላማራ መጮህ አልቻለችም። እጁ ድንጋዩን አገኘው፤ ከአናቱ ላይ በረዶውን ጠረገለት፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ደጋግሞ። ከሥሩ ጠርሙሱን በዳበሳ አግኝቶ ቀዳ፣ ጠብ አደረገ፣ አንድ ነገር ተናገረ፤ ነፋሱ ወሰደው። አምና በቀብሩ ያላለቀሰው አብራም ድንጋዩን ተደግፎ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ላማራም እግሯ ፍሬኑ ላይ እንደተቸከለ፣ ወርዳ ልታቅፈው አቅቷት፣ መሪውን አቅፋ አለቀሰች።

ሽማግሌው ፊቱን በካባው ጠርጎ ወደ ሞተሩ ድምፅ ዞረ። «ምነው፣ ብቻዬን ላጠጣው ነው?»

«ፍሬኑ አይይዝም አባዬ! ከለቀቅኩት ትሄዳለች!»

«በተራራው በኩል ቦይ አለ፣ በረዶው ሸፍኖት ነው። የፊት ጎማሽን እሱ ውስጥ ጣይው፣ ከዚያ በሬ ቢጎትታት አትነቃነቅም። ዛዛንም ያስተማርኩት እዚሁ ነው።»

«የቱ ጋ ነው? አይታየኝም!»

«እኔም አይታየኝም» አለ አብራም። «ውሃውን ግን እሰማዋለሁ። እኔ ልጥራልሽ።»

አንድ እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ሌላኛውን ከፍ አደረገ፤ ልጅ ሳለች፣ በዚሁ መንገድ፣ በመስታወቱ ውስጥ ታየው እንደነበረው። መዳፉ ብርሃኑ ውስጥ ነው፤ ዓይኖቹ ነጭ ናቸው።

«ነይ» አለ። «ነይ… ነይ… ወደ ተራራው ቁረጪ…»

ላማራ ገደሉን አላየችውም። የአባቷን እጅ እያየች፣ እግሯን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።